ሰዲቅ በባሮ ወንዝ ኦላናን ሊያመጣ የሄደ ጊዜ

ሰዲቅን የማያውቅ ሰው መገናኛን አላውቅም ይበል። ሠላሳ ዓመት ተራ አስከብሯል። ታክሲ ሳይሞላና የእሱን እጅ ሳያይ ንቅንቅ አይልም ነበር። የባቡሩ ድልድይ ሲሠራ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ መሐንዲሶቹ ግራ ሲጋቡ፣ «የሲኤምሲው በየት ይውጣ?» ብለው የጠየቁት እሱን ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ታርጋ ግን በቃሉ ይዟል። እነዚያ መኪናቸው ጋራዥ ሲገባ ብቻ ታክሲ የሚሳፈሩ የሲኤምሲ ሴቶች እንኳ፣ ሌላው «ጠጋ በሉ» ሲላቸው ይገላምጣሉ፤ ሰዲቅ ሲላቸው ይጠጋሉ። እሱን ተዉት፣ ወሬው ረጅም ነው።

ኦላና ጓደኛው ነው። ሾፌር ነበር፤ ሰዲቅ ከወሎ እንደመጣ ረዳት አድርጎ የወሰደው፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ መጣራት ያስተማረው እሱ ነው። ሰዲቅ ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ኦላና ታክሲውን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ አራት ቀን አልሠራም። «መኪናው ተበላሽቶ ነው» ይል ነበር። ውሸቱን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ሚስቱን ሉላን ይዞ ጋምቤላ ወረደና ከኢታንግ በታች፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሱቅ ከፈተ።

ሰኔ ላይ ሉላ ደወለች።

«ጋሽ ሰዲቅ፣ ጉበቱ ነው አሉ። ሆዱ አብጧል። ሆስፒታል ውሰጂው ይሉኛል፤ እሱ አልሄድም ብሎ አስቸገረኝ። እርስዎን ብቻ ነው የሚሰማው።»

«አመጣዋለሁ» አለ ሰዲቅ። «ሰው ማሳፈር ለኔ ብርቅ ነው?»

ልጁ አስማ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችለት። ዕድሜውን ሙሉ «ቦሌ! ቦሌ!» ሲል የኖረ ሰው ኤርፖርቱ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ለበሽተኛ ባዶ እጅ አይኬድምና ከመገናኛ ማንጎ ምርጥ ምርጡን እያገላበጠ ገዝቶ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አቅፎ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀመጠ። ዞር ብሎ ሲያይ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው።

«የኔ ልጅ» አላት አስተናጋጇን፣ «ሳይሞላ ሊነሣ ነው?»

«አዎ አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ተራ አስከባሪያችሁ ማነው?»

ሳቀችና ቀበቶውን አሰረችለት።

ጋምቤላ ሲደርስ ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ ውሃ ውጦታል። ያለው ጀልባ ብቻ ነው። ባለጀልባው ኡጁሉ የሚባል ዘለግ ያለ ሰው ነው።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ሲሞላ።»

ሰዲቅ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብሎ። ቀትር ሆነ፤ የመጣው አምስት ሰው። ተነሣና ወንዙ ዳር ቆሞ ለቀቀው፦ «ኢታንግ! ኢታንግ! ሁለት ሰው የቀረው!» የቀረው አሥር ነው፤ ግን ይሄ በሙያው ውሸት አይባልም። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ዞር ብለው አዩት። ፍየል የሚጎትት ሰው መጥቶ ጠየቀና ተመለሰ።

«አባባ፣ አይድከሙ» አለው ኡጁሉ። «ገበያው ነገ ነው። ሰው የሚመጣው ያኔ ነው።»

«ሰው ታሞብኛል እኮ!»

«ገብቶኛል። ቤንዚኑ ግን አይገባውም።»

ለቅሶ አለብኝ ያለችውን ሴት፣ ልጄ ታሟል ያለውን አባት፣ ስንቱን «ሲሞላ» እያለ እንዳስቀመጠ ሰዲቅ ትዝ አለው። ጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጦ መሸበት።

በማግስቱ ተነሡ። ሁለት ቀን ወንዝ ነው። ሰዲቅ ወንዝ አውቃለሁ ይል ነበር፤ የሚያውቀው ግን ቀበናን ነው። ይሄኛው ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል። ዋና አይችልም፤ እጁ የጀልባውን ጠርዝ እንደጨበጠ ደረቀ። «አዞ አለ?» አለ። «አለ» አሉት። ሁለተኛ አልጠየቀም። ሞተሩ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ሰዲቅ «ምን ላግዝ?» አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ዝም ብለው ይቀመጡ» አሉት።

ኢታንግ አድረው በማግስቱ ከሰዓት ደረሱ።

ኦላና ሱቁ ጓሮ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ያ ጎማ በአንድ እጁ የሚያነሣ ሰው ክንዱ ቀጥኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሰዲቅ ፌስታሉን አቀበለው።

«ማንጎ?» አለ ኦላና።

«የመገናኛ ነው።»

«አንተ ጉደኛ! ጋምቤላ ማንጎ ይዘህ መጣህ?» ደጁ ላይ ያለውን ዛፍ በአገጩ አሳየው። ከሥሩ የረገፈውን ማንጎ ፍየል ይበላዋል። ኦላና ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሉላ ደግፋ ያዘችው።

«ነገ ጀልባው ይመለሳል። ትሄዳለህ» አለ ሰዲቅ።

«አንተ ካልክ እሺ።»

ጠዋት ኡጁሉ መጣ። ለኦላና ከሆነ ሳይሞላም እሄዳለሁ አለ። አራት ሆነው ኦላናን ከነፍራሹ አነሡት። ከደጁ እስከ ውሃው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አምስት ሳይራመዱ ጮኸ። ሰዲቅ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምቶ አያውቅም። አወረዱት። ትንፋሹ ሲመለስ እንደገና ሞከሩ፤ አሁን አልጮኸም፣ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ደም በአገጩ ወረደ።

«ተዉት» አለ ኡጁሉ። «መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ውሃው ላይ ይሞትባችኋል።»

«ትንሽ እኮ ነው የቀረው፤ በዚህ በኩል ብንይዘው…» አለ ሰዲቅ። ማንም አልተነሣም።

«ሰዲቄ» አለ ኦላና፣ «መልሰኝ።»

መለሱት።

ኡጁሉ ጥቂት ጠብቆ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሰዲቅ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩን አወጣ፤ ባትሪው ሞቷል፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሉላ ሳህን ውሃና ጨርቅ አምጥታ ሰጠችው። ተቀበለና ይዞት ቆመ። በእሱ ቤት ሰው ሲታመም ሁሌም የሚያጥቡት ሴቶቹ ነበሩ።

«ከእግሩ ይጀምሩ፣ ጋሽ ሰዲቅ» አለችው። «ቀስ ብለው፤ ቆዳው ሳስቷል።»

ተንበረከከ። ጨርቁን ነከረ።

«ምን እንዲህ ትፈትገኛለህ፤ መኪና መሰልኩህ?» አለ ኦላና፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሰዲቅ እጁን አቀለለ።