እናቴን ያጠብኩ ዕለት

ልጄ በኩፍኝ ከሞተችብኝ በኋላ ሰላቴ የምላስና የጉልበት ብቻ ሆነ። ጎንበስ ቀና እላለሁ፣ አፌ ፋቲሓውን ያነበንባል፣ ቀልቤ ግን የለበትም። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ መርካቶ ቅመም ተራ በርበሬና ኮረሪማ እሸጥ ነበር። አዛን ሲል ጎረቤቶቼ መደባቸውን በጆንያ ሸፍነው ይነሳሉ፤ እኔም እነሳለሁ። ካልተነሳሁማ ወሬ ነው፤ የእኛ የወሎ ሴቶች ደግሞ ለወሬ መቼ ሰንፈን እናውቃለን።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አላህ ሳይደግስ አይጣላም» ይለኛል። ታግሼ ታግሼ አንዷን፣ ድግሱ ይቅርብኝ፣ ልጄን ይመልስልኝ አልኳት። ሴትዮዋ አስተግፊሩላህ እያለች ሻሿን አስተካክላ ወጣች። እኔም ከአፌ በወጣው ደነገጥኩ። ትዕቢት አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ አላህን ስለምን ኖሬ የሚሰማኝ ያጣሁ መስሎኝ ከፍቶኝ ነው።

መላ አልፈለገችም እንዳትሉኝ። ሸኽ ዘንድ ሄጄ አማክሬአለሁ። ኢማን፣ የልብ እምነት፣ ይወጣል ይወርዳል፣ አንቺ ብቻ መስገጃሽን አትጠቅልዪ አሉኝ። ሲወርድ እስከ የት ነው ልላቸው አስቤ አፈርኩ። ቁርአን ወደሚቀራበት ቤትም ሄጄ ነበር። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ የማስበው በር ላይ የተውኩትን አዲሱን ጫማዬን ነው።

ባሌ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለሆነ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ያለችው ቤታችን የእኔና የእናቴ ነበረች። እናቴ የሰፈሩ ሴት ስትሞት ጀናዛዋን ስታጥብ የኖረች ናት። የአንዳንዷ ፊት ውሃው ሲነካው ይበራል፣ አላህ የወደዳት ምልክት ነው ትለኝ ነበር። በዚያ ክረምት እሷም ታመመችና አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ ስሞት የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ፣ ገላዬን ባዳ አይየው አለችኝ።

እሺ አልኩ እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። አጣቢ የምታየውን ነውር ትሸፍናለች፣ ለሟች ትለምናለች። እኔ ቀልበ ባዶዋ ምን ብዬ ልለምንላት? እምቢ ብልስ ባዳ ሊነካት ነው። በመጨረሻ ገንፎ ሳጎርሳት አመለጠኝ።

«እማ፣ የምሰግደው ለሰው ዓይን ነው። ቀልቤ ደርቋል። እኔ አልሆንሽም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ረገመችኝ ብዬ የገንፎውን ሳህን አስቀመጥኩ።

«ቀልብሽ ቢደርቅ እጅሽ አልደረቀም» አለች። «ውሃው ብቻ አይብረደኝ።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች። ሁለት ጎረቤቶቼ አንሶላ ዘርግተው ከለሉልኝ፣ ሌላ ጎረቤት ውሃ ታቀብለኛለች። ልጄን ሳጥብ አደርግ እንደነበረው ውሃውን በክርኔ ለካሁት። በቁርቁራ ቅጠል አሽቼ ከቀኟ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ውል ይዤ ነበር። ፊቷ ከበራ እመለሳለሁ፣ እንደ ድሮዬ እሆናለሁ ብዬ። እንደ እሷ ለስንቱ የለፋች ሴት ካልበራች ማን ሊበራ ነው!

ፊቷን አጠብኩ። ጠበቅኩ። ደግሜ አጠብኩ። አልበራም። ሕመም ያጎሳቆለው የእናቴ ፊት ነው፣ ያው የማውቀው። የጀናዛውን ሽቶ፣ ካፉሩን፣ ቀባኋት፣ ከፈኗን አልብሰን አስረን ለወንዶቹ ሰጠናቸው።

ወንዶቹ ወደ ቀብር ሲሄዱ ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ ጠጋ ብላ ፊታቸው በራ ወይ አለችኝ። ሁሉም አፌን አፌን ያያሉ፤ አዎ ብል ደስ ይላቸው ነበር። መዋሸት አልቻልኩም፤ ንጹህ ሆና ሄዳለች ብዬ ተነሳሁ።

የአስር ሰላት ሲደርስ ጓዳ ገባሁ። የሚያየኝ አልነበረም። እጅ እግሬን ታጥቤ ኡዱዬን አድርጌ መስገጃዬ ላይ ቆምኩ። ቀልቤ ያው ነው፣ ምንም አልተነካም። አላህ ልጄን ወስዶብኛል፤ እናቴንም ወስዷል፤ ቂሜም አልለቀቀኝም። ግን እናቴ አሁን ከእጄ ወጥታ እሱ ዘንድ ናት፤ ሌላ የምለምንላት የት አለኝ? ግንባሬን ምድር ላይ ደፋሁና፣

«እኔን ተወኝ» አልኩት፤ «እሷን ግን አደራ።»