ወንድሜ ሁመራ የወረደበት ዓመት

በእኛ በሰቆጣ አካባቢ «እገሌ ወረደ» ሲባል «ወዴት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። ዝናቡ ከጠፋ ሰው የሚወርደው ሁመራ ነው፣ ለሰሊጥ አጨዳ። የእንግሊዝኛ መምህራችን «ዳውን» የሚለውን ቃል ሊያስረዱን ጠመኔያቸውን ከጠረጴዛ ላይ ገፋ አድርገው «ይኸው፣ ወረደ» ብለውን ነበር። ወደቀ እንጂ መች ወረደ! መውረድማ ስንቅ ቋጥሮ፣ እናትን ተሰናብቶ፣ በገዛ እግር ነው። ማሽላችን ሳያፈራ በደረቀበት ዓመት ታላቅ ወንድሜ እንዲያ አድርጎ ወረደ።

ኅዳር ላይ ወባ ይዞ ተመለሰ። ጋቢ በጋቢ ላይ ብንደርብለት መንቀጥቀጡ አልተወውም። ትኩሳቱ ሲያይልበት አማርኛውን ትቶ በኽምጣኛ ብቻ ይለፈልፋል። ክሊኒክ ወሰድነው፤ ደሙን መርምረው ኪኒን ሰጡትና ሳያቋርጥ እንዲጨርስ አስጠነቀቁት። መዋጥ እንደጀመረ ቀለል አለው፣ እህልም ቀመሰ። እኔ በቃ ተረፈ ብዬ ነበር።

እናቴ ግን ስለት ነበረባት። ልጇ ከቆላ በሕይወት ከተመለሰላት ከገደሉ ሥር ካለው ጠበል ልታስጠምቀው ተስላ ነበር። ጠበልና መድኃኒት ደግሞ አይስማሙም ሲባል ሁላችንም ሰምተን ያደግነው ነው። «ጠበሉን ይጨርስና ከዚያ ይውጣል» ብላ ኪኒኑን በመቀነቷ ቋጠረችው። በቃሬዛ አወረድነው። ጧት ጧት በባዶ ሆዱ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ይወርድበታል። ትኩሳቱ ተመልሶ ሲያነደው «እምዬ፣ ኪኒኑን ስጭኝ» ይላታል።

«ትንሽ ታገሥ ልጄ፣ ጠበሉን አታርክስብኝ።»

በጣም ተናድጄባት ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ከእሷ አብልጦ የሚወደው ሰው እንዳልነበረ እያወቅሁም ያንገበግበኛል።

እዚያው ጠበሉ አጠገብ ካለችው ጎጆ ውስጥ ነፍሱ ወጣች። አጥማቂው ቄስ ሊፈቱት ሲመጡ አባቴ ክሊኒክ ወስደነው እንደነበር አጫወታቸው።

«ታዲያ ኪኒኑ ምነው ሳይሠራለት ቀረ?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኝ ያስቆምሁት አባ፤ ከጠበልዎ ጋር እንዳይጋጭ ብዬ» አለች እናቴ።

ቄሱ ትክ ብለው አዩዋት። «ማን አስቁሚ አለሽ? እኔ ራሴ ወባ ሲጥለኝ ኪኒኑን የምውጠው በጠበሉ ነው። ምነው ብትጠይቂኝ?»

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከችና «ይፍቱኝ አባ» አለች።