«በምን ሞቱ?»

አጎቴን አላህ ይማራቸውና፣ ትዕግሥቴን እንደ እሳቸው የፈተነ ሰው አላውቅም። ሐርጌሳ ውስጥ በቤተ ሙከራ ሲሠሩ፣ የትኛውንም የሙከራ ውጤት ከማየታቸው በፊት የተሞከረበት እንስሳ በምን እንደ ሞተ ይጠይቁ ነበር።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊን ሲመናመን፣ የስኳር ሕመምተኛዋ እናቴ የቀራትን ለመቆጠብ ከዋሄን ገበያ የተገዛ የቅጠል መድኃኒት ልትጀምር ተነሣች። የአጎቴ ባልደረቦች ቅጠሉን በአይጦች ላይ ሞክረውት ነበር፤ ቅጠሉን የበሉት አይጦች የደም ስኳር ካልበሉት እጅግ ያነሰ ሆነ። የምሥራቹን ይዤ ወደ አጎቴ ሮጥሁ።

«በምን ሞቱ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ እህትዎ ናት! የአይጥ አሟሟት ምን ይሠራልናል?»

«እህቴ ስለሆነች ነዋ የምጠይቅ! አንተ ድሬዳዋ ካሳደግሁህ ጊዜ ጀምሮ ችኩል ነህ።»

ሲጣራ፣ ቅጠሉን ያልበሉት አይጦች የተገደሉት ኤተር በሚባል ማደንዘዣ ተኝተው ነበር፤ የበሉት ግን ኤተሩ ስላለቀ አንገታቸው ተቀጭቶ ነው። ኤተር ደግሞ ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። አጎቴ ሙከራውን ያለ ኤተር፣ ሁሉንም በአንድ መንገድ አስደገሙት፤ እኔ በንዴት ስቃጠል ሰነበትሁ። በመጨረሻም ልዩነቱ ጠፋ። እናቴ ቅጠሉን ትታ በኢንሱሊኗ ጸናች፤ ከጦርነቱም በሕይወት ወጣች።

በቅርቡ የራሴን የደም ስኳር ምርመራ ውጤት ይዤ ቤት ገባሁ። ቤተሰቡ አይቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ወደ ምሳው ተመለሰ። ደሜ የተቀዳው በልቼ ይሁን ሳልበላ እንደ አጎቴ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን እንደ ልማዴ በጥያቄው ለመናደድ ተዘጋጅቼ ቆሜ ነበር።