የፈረንሳይኛ መምህርታችን እትዬ ጽጌ እና በግድግዳ ላይ የለጠፏቸው ኮዶች

እትዬ ጽጌ ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት የሰልፍ ደወል ሊደወል ሲል ነው። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ቢሮዬ ገቡና «የፈረንሳይኛዋ እትዬ አረፉ» አሉኝ። የታመሙት ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ምናልባት ከመካከላችሁ ለእኔ ያልገባኝን የሚያስረዳኝ ይገኝ ይሆናል።

የሸዋ ሮቢት ሰው የሚያውቃቸው መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርትና ማንጎ ሲሸጡ ነው። አንድ ቀን መኪና የተበላሸባቸው ፈረንጆች ከጋራዥ ሠራተኞች ጋር መግባባት ሲያቅታቸው፣ እትዬ ጽጌ ከሽንኩርቱ ክምር ተነሥተው በፈረንሳይኛ አነጋገሯቸው። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህር ነኝና፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የፈረንሳይኛ ክበብ እንዲከፍቱልን ለመንኳቸው። የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው «ሰው ቤት» አሉኝ። አስጠኚ ዘንድ ማለታቸው መሰለኝ።

መጽሐፍ አልነበረንም፤ ኢንተርኔትም በዚያ ሰሞን ለሳምንታት ይቋረጥ ነበር። እትዬ ጽጌ ከብስኩት ካርቶን ላይ የቀደዱትን ጥቁርና ነጭ ካሬ ለኮምፒውተር መምህራችን አሳይተው ምን እንደሚል ጠየቁት። በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድ መሆኑን፣ አጭር ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም እንደሚሠራ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ እርሳቸው በደብተር በፈረንሳይኛ የሚጽፉትን እርሱ ፊደል በፊደል እየለቀመ ወደ ኮድ ይቀይርና ያትምላቸው ጀመር። የክፍሉ ግድግዳ ሞላ።

ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስት ቡድናቸው አንድ ስልክ ይዘው ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራሉ። አንዱ ኮድ ፈረንሳይ አገር ሱቅ ሲገባ ዕቃ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ እንደሚቀድም ይናገራል፤ ሌላው ዳቦ ገልብጦ ማስቀመጥ እንደሚነወር። እትዬ ጽጌም «ቋንቋውን አውቃችሁ ነውሩን ካላወቃችሁ፣ ሳታስቡት ሰው ትሰድባላችሁ» ይሏቸው ነበር። ከቀወት ገጠር በእግሯ የምትመጣ፣ ቤታቸው ስልክ የሌለ አንዲት ተማሪ ነበረች። እትዬ ጽጌ የራሳቸውን ስልክ ከመቀነታቸው ፈትተው ከሁሉ በፊት ለእርሷ ይሰጡ ነበር።

ይህችው ልጅ አንድ ቀን አንዱን ኮድ አነበበች፦ «የቤቱ ትንሽ ልጅ ምግብ አብሳይዋን አንቺ ይላታል፤ እርሷ አንቱ ትለዋለች።» ይህም ባህል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ጽጌ «እሱም አለ» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ።

የወረዳው ሱፐርቫይዘሮች ሊመጡ ሲሉ የትምህርት ማስረጃቸውን ጠየቅኋቸው። እንደሌላቸው ነገሩኝና ልጆቹን እንድፈትን ጠቆሙኝ። እኔ ግን ፈርቼ ሱፐርቫይዘሮቹ በመጡበት ዕለት እርሳቸው እንዳይመጡ አደረግሁ። እንግዶቹ በኮዶቹ ተደነቁ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ «የትምህርት ቤቱ ነው» አልኩ። ልጆቹ ያዩኝ ነበር። በማግስቱ እትዬ ጽጌ በሰዓታቸው መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ጠመኔ እየመረጡ «ግድ የለም፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ምኑን እንደለመዱ አልጠየቅኋቸውም።

በለቅሶው ድንኳን ከካራቆሬ የመጡ ወይዘሮ ዘይነብ የሚባሉ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ጅቡቲ፣ በአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ቤት፣ እርሳቸው ልብስ አጣቢ፣ ጽጌ ምግብ አብሳይ ሆነው አሥራ ሰባት ዓመት አብረው መሥራታቸውን አጫወቱኝ። ጽጌ ፈረንሳይኛውን የቀሰሙት የቤቱ ልጆች ሲያጠኑ ከጀርባቸው ቆመው ነው።

«እንግዳ ሲመጣ፣ ጽጌ የሠራችውን እመቤቲቱ እኔ ሠራሁት ትል ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። «ጽጌ ከበሩ ኋላ ሆና ትሰማለች።»

ቀና ማለት አቃተኝ።

እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ቁጭ በይ ብሏቸው የማያውቅን ቤት ወግ ለልጆቻችን እንዲያ በፍቅር ያስተማሩት ለምንድን ነው? ሰዎቹን ይወዷቸው ነበር ወይስ ይቀየሟቸው? ወይዘሮ ዘይነብን ብጠይቃቸው እርሳቸውም እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ጽጌ አንዴ ይስቁ፣ አንዴ ያለቅሱ ነበር። እትዬ ጽጌ ያን ጠዋት «ግድ የለም» ያሉኝ ይቅር ብለውኝ ይሁን ተስፋ ቆርጠውብኝ፣ እሱንም አላውቅም።

እትዬ ጽጌ፣ ትናንት ክፍልዎን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ከእንግዲህ ማን እንደሚያስተምራቸው ጠየቁኝ። እኔ ግን አስቀድሜ፣ ያን ቀን ለእንግዶቹ የነገርኳቸው ውሸት እንደነበር በፊታቸው ተናገርሁ። ከቀወት የምትመጣዋ ልጅ «እናውቃለን፤ እሳቸው ናቸው እንዳንናገር ያሉን» አለችኝ። ያኔ ቢቆጡኝ ምንኛ በቀለለኝ ነበር። በሰላም ይረፉ፣ መምህርት።