ጆጊ ሰሚው ማ ቶክጁ

ማ ቶክጁን የመንደሩ ሰው «ጆሮው ባሕር ይጠልቃል» ይለው ነበር። ሰው ደግሞ የማይለው የለም። እኔ በአንድ ጀልባ አብሬው ቀዝፌያለሁና ልንገራችሁ፦ ያ ሰው ከጉራ በቀር የተረፈው ነገር አልነበረም።

ጆጊ የሚባለው ዓሣ ብርዱን ደቡብ ከርሞ፣ ውኃው ሲሞቅ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሰባቱ ደሴቶቻችን ይመጣል። ወንዱ ሴቷን ሲጠራ ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት በጡንቻው እየመታ ይጮኻል፤ የሩዝ ማሳ እንቁራሪት በሉት። ሞተር ሳይገባ በፊት፣ ሰሚው ረጅም የቀርከሃ ቱቦ ባሕር ውስጥ ነክሮ ያዳምጣል፤ መረብ የሚወርደው እሱ «ዓሣ አለ» ሲል ነው። ዓሣው በየዓመቱ በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ፣ የእኛ ጀልባ ሰሚ ቶክጁ ቱቦውን በአፍንጫው ቢይዘውም ያገኘው ነበር።

ቱቦውን ለማንም አያስነካም። ቀዛፊው ሱንግቻን፣ «ጋሼ፣ አንዴ ልሞክር» ቢለው፣ «ያንተ ጆሮ የአባትህን ምክር እንኳ ሰምቶ አያውቅም!» ብሎ አሳቀበት።

አንድ ዓመት ግን ዓሣው መንገዱን ሳተ። ሌሎቹ ጀልባዎች ሞልተው ሲገቡ እኛ ባዶ። ጆጊው እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሰሜን ካለፈ፣ ገብሱ እስኪደርስ ልጆቻችን የሚበሉት ከጫካ የተቆፈረ ሥራ ሥር ነው። ካፒቴናችን ኖ ሰንጋፕ ጨነቀው።

«ጋሼ ቶክጁ፣ ዛሬስ ምን ይሰማል?»

«ዓሣ ነው እንጂ ውሻ መሰለህ፣ በፉጨት የሚመጣ? ታገሥ!» አለ ቶክጁ፣ የካፒቴኑን ከንፈር እያየ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እራታችንን ስንበላ ከእግራችን ሥር አንድ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ባሕሩ በሙሉ። ወለሉ ነዘረ፤ በእጄ የያዝኩት የሩዝ ሳህን ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ዘለን ተነሣንና ወደ ቶክጁ ዞርን።

እሱ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የገመድ ክምር ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ተቀምጧል። ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ባዶ ነው። እዚህ ምንም የለም፤ ወደ ምዕራብ ቅዘፉ።»

ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ ትንሽ አየውና በእጁ ምልክት ሰጠን፤ መረቡን አወረድን።

«አልሰማችሁኝም እንዴ? ባዶ ነው አልኩ እኮ!» አለ ቶክጁ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ጀልባው አልንቀሳቀስ ሲለው።

ሱንግቻን ሄዶ ቱቦውን ከእጁ ወሰደ። ቶክጁ ዓይኑን ገልጦ መረቡን ያየው ያኔ ነው።

«ተዉት፣ እርጅና ነው» አሉ ሰዎቹ፣ አዝነውለት። እኔ አላዘንኩለትም። መስማት እንዳቆመ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቅ ነበር።