አምሳልና መምህር ገንቦ

አምሳልን ድሮ ማን ያያት ነበር? ሸክላ ሠሪ ናት፤ ወረታ ላይ ሸክላ ሠሪን ሰው የሚያያት ዕቃ ሲሰበርበት ነው። ጀሪካን እንስራን ከገበያ ካባረረ ወዲህ ለእሷና ለእናቷ ለእማማ ወለተ ሐና የቀረችላቸው ደንበኛ ሸጌ ብቻ ነበረች። ሸጌ በደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ጠላ ትሸጣለች፤ ያለ ጋን አይሆንላትም። ከቤቷ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት ትንሿ ልጇ ፍሬህይወት የልጆች ትምህርት ታይበታለች። አሻንጉሊቶች እየዘፈኑ መቁጠርና እጅ መታጠብ ያስተምራሉ።

አንድ ቀን ጋን ይዛ የመጣችው አምሳል በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። ቤቷ ገባችና ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፍንጫው የተንጠለጠለ ራስ ከጭቃ ሠርታ ተኮሰች፤ የጋቢ ቁራጭ አለበሰችው። ስሙን መምህር ገንቦ አለችው።

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸጌ ቤት ትምህርት ተከፈተ። አምሳል መሀሉ ከተቀደደ ካርቶን ጀርባ ትቀመጣለች፤ ካርቶኑ ቴሌቪዥን መሆኑ ነው፤ መምህር ገንቦ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ጢማቸው ያደገ ሹፌሮችና የሩዝ ነጋዴዎች ናቸው።

«ልጆችዬ፣ እንደምን ዋላችሁ? እጃችሁን ታጥባችኋል? ዛሬ የምንማረው መቀነስ ነው። አንድ ሹፌር ከጎንደር ተነሣ። ኬላ አገኘው። ትንሽ ሄደ፤ ሌላ ኬላ አገኘው። ወረታ ሲደርስ ምን ቀረው?»

«ሱሪው» ይላል የሸጌ ወንድም ደሴ፤ እሱም አይሱዙ ነጂ ነው።

«ጎበዝ። ደሴ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ይገባል።»

ሳቁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ከሁሉ የሚወደደው ግን የዓይን ትምህርት ነበር። «ዓይን ለምን ይጠቅማል? ለማየት። የሸክላ ሠሪ ዓይንስ?» ሲል ቤቱ ሙሉ በአንድ ድምፅ «ሰው ለመብላት» ይላል። መምህር ገንቦም ራሱን ይነቀንቅና «ለራሳችሁ አጨብጭቡ፤ አያቶቻችሁም ያለፉት በዚሁ ፈተና ነው» ይላቸዋል። ያጨበጭባሉ። አምሳል በራሳቸው ድንቁርና የሚስቁ መሰላትና ልቧ ሞቀ። ሞኝ ነበረች፤ ሰው እያመነም ይስቃል። ለነገሩ እዚያው ቤት ጠላ የሚቀዳላት ከቤቷ ይዛ በምትመጣው ኩባያ ነበር፤ ሌላው ሰው የሚጠጣበትን እንዳትነካ።

ፍሬህይወት ቀልዱ ባይገባትም መምህር ገንቦን ወደደችው። ጓዳ ሆና ቃሉን ትደግማለች።

መስከረም ላይ ጉማራና ርብ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውሃ ተኛበት፤ ትንኙም ተነሣ። ፍሬህይወትን አተኮሳት። ስትንዘፈዘፍ አድራ ሲነጋ ዓይኗ እየተገለበጠ «መምህር ገንቦ፣ መምህር ገንቦ» ትል ጀመር። ቤቱ በድንጋጤ ቀጥ አለ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፣ የበላውንም በስሙ ይጠራል ይባላላ፤ ልጅቷ ለፈለፈች ተባለ። የባሰው ደግሞ፣ ቡዳ የያዘውን መርፌ ከነካው ይሞታል ስለሚባል፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሳለ የሚወስዳት ጠፋ። መጀመሪያ የበላቻት መጥታ ትትፋባት፣ «ለቅቄሻለሁ» ትበላት ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ ትንኝ ለነደፋት ልጅ ሸክላ ሠሪ ተጠራች።

ደሴ አምሳልን ሊወስዳት ሲመጣ እማማ ወለተ ሐና የልጃቸውን ክንድ ያዙ። «እንዳትተፊ፣ ልጄ። ከተፋሽ አመንሽ ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቡዳ አሉኝ እንጂ ነኝ ብዬ አላውቅም።»

አምሳል ሄደች። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ልጅቷን ብትነካት እጇን ፈጃት።

«እቴ ሸጌ፣ ይህ ወባ ነው። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

«ሳትለቂያት?» አለች ሸጌ። «መርፌ ነክቷት ትሙትብኝ?»

«አልበላኋትም። እኔ የሠራሁት ጭቃ ነው። አያ ደሴ፣ አንተስ ስትስቅ አልነበር?»

ደሴ መሬት መሬት አየ። «ያማ ጨዋታ ነበራ» አለ። «አሁን ልጅ ልትሞት ነው።»

አምሳል እምቢ ብትል ስሟ ይተርፋል፤ ልጅቷ ግን እዚያው መደብ ላይ ታልቃለች።

«ከተፋሁ ትወስጃታለሽ?»

«ማርያምን።»

ጎንበስ ብላ የፍሬህይወት ግንባር ላይ እንትፍ አለች። «የበላሁሽ እኔ ነኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለቅቄሻለሁ።»

ልጅቷን በባጃጅ አበረሯት። ደሟ ሲታይ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ወስዳ ዳነች። ሸጌ ግን «ወባም ቢሆን፣ ያቺ ባትለቃት መድኃኒቱ መች ይይዛት ነበር» አለች። ጋን መግዛቱንም ተወች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ሐሙሲት ደረሰ፣ ወንዛዬ ዘለቀ። ልጅ ባተኮሰው ቁጥር አምሳልን መጥራት ተለመደ። እሷም ትሄዳለች፤ ከመትፋቷ በፊት ግን ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ወላጆቹን ታስምላለች። እናቷ «እምቢ በያቸው» ሲሏት «እምቢ ካልኩማ መርፌውን ፈርተው ቤት ያስቀሩታል» ትላለች። እንዲህ እያለች ስንቱን አተረፈች፤ አንዱ በዳነ ቁጥር ቡዳነቷ ይበልጥ ታመነ።

ጥቅምት ሲጋመስ ከርብ ማዶ ላተኮሰው ልጅ ጠሯት። ጭቃው መኪና አያስኬድም፤ በእግሯ ሄደች። ስትደርስ ሴቶች ደረት ይመታሉ። የልጁ አባት ጋቢውን ወገቡ ላይ እንዳሰረ ከቤት ወጣ። አልጮኸባትም፣ እጁንም አላነሣባትም።

«ምነው ዘገየሽ?» አላት። «ቶሎ ብትለቂው ምን ነበረ?»

እኔ አይደለሁም ልትል አፏን ከፈተች። ግን እኔ ነኝ ማለቷን ሰምተው ነበር የጠሯት። አንገቷን ደፍታ ግቢው መሀል ቆመች።