የሰይድ ዕድሜ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ በራችን ላይ ቆመች፤ እርዳታ የሚደርሳቸውን ትመዘግባለች። ከአጣዬ ተፈናቅለው እኔ ዘንድ ያሉትን ዘመዶቼን አንድ በአንድ አስመዘገብኩ። የእህቴ ልጅ ጋ ስንደርስ «ዕድሜ?» አለችኝ። ቁጥሩን ልነግራት ስል ከብዙ ዓመት በፊት በእጄ የጻፍኩት ሌላ መዝገብ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርጄ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ባለች መንደር በአስተማሪነት ተመድቤአለሁ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ደርሶ ማንጎው ነው ያስታረቀኝ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። የእርዳታ ስንዴ መጣ፤ ግን እርከን ለሚሠራ፣ ያውም አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ብቻ። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ።

የአከራዬ የእትዬ ዘይነባ ባል ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ ዶማ የሚያነሳ ልጅ ሰይድ ብቻ። እሱም የእኔው ተማሪ፣ ገና አሥራ ስድስት፣ ቁመቱ ግን መቃ። እሳቸው አልለመኑኝም። እኔው ደግነቴ ገንፍሎ አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩለት። ስንዴው ቤት ሲገባ ትኩስ ቂጣ ላኩልኝ። እንዴት ኩራት እንደተሰማኝ!

ብዙም ሳይቆይ በሰሜን ድንበር ጦርነት ተነሣ። ለግንባር ወጣት የሚመለምሉት ሰዎች ቤት ለቤት አልዞሩም፤ የእኔን መዝገብ ገለጡ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ የሚያበላም የሚያዘምትም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ናችሁ ብሎ ነው።

እትዬ ዘይነባ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ጻፍሽው፤ አንቺው ፍቂው» አሉኝ።

ውሸት መጻፌን ባምን ቤቱ ከስንዴው ይሰረዛል አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለእንጀራዬ ነበር። ነገ መልማዮቹ ዘንድ ሄጄ አስተካክላለሁ አልኳቸው። በነጋታውም ነገ አልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ስንዴ ያራገፈው ካሚዮን ወጣቶቹን ጭኖ በጀውሃ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። ሰይድ ከላይ ሆኖ «ቲቸር!» ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።

በቀጣዩ እደላ ስሙ ከመዝገቡ አልወጣም ነበር። «ሰይድ» ብዬ ስጣራ እናቱ «አቤት» አሉ። ስንዴውን ተቀበሉ፤ ትንንሾቹ መብላት አለባቸዋ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ሰይድም ሳይመለስ ቀረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣውን ማን ይመልሰዋል?

ባለ ታብሌቷ ልጅ መዘግየቴን በሌላ ተረጎመችው። ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አሥራ ስምንት ልበለው? የራሱ ድርሻ ይደርሰዋል» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያንን የእኔን ደግነት አየሁት።

«አሥራ ስድስት» አልኳት። ቁጥሩን ስትጽፍ በዓይኔ እስካይ ድረስ ከበሩ እንድትሄድ አልፈቀድኩላትም።